ቀልብሽን ሰብስቢ ስትዪኝ

ቹንቾን፣ ደቡብ ኮሪያ
ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የኅዳር ብርድ አልበረታብሽም? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እማዬ፣ ባለፈው እሑድ ስልኩን ስትዘጊብኝ ሌሊቱን አልተኛሁም። ወንድሜ ፎቶውን አሳይቶሽ እንደደነገጥሽ፣ «ልጄ ለጣዖት ሰገደች» ብለሽ ጊዮርጊስ ሄደሽ እንዳለቀስሽ ነግሮኛል። በስልክ ላስረዳሽ ሞክሬ ነበር። መስመሩ ይቆራረጣል፣ አንቺም ታለቅሻለሽ፣ እኔም አብሬሽ አለቅሳለሁ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት። አንዲት የአገራችን ልጅ ለእረፍት ስለምትመጣ በእሷ እጅ ይደርስሻል። ወንድሜ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

አስቀድሜ የሚያስጨንቅሽን ልመልስ። ማተቤ አንገቴ ላይ ነው። አልሰገድኩም። ሃይማኖቴንም አልቀየርኩም። ፎቶው ላይ የተቀመጥኩበት ቤት የቡድሃ መነኮሳት ገዳም ነው። የሚሰግዱ ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን ዳር ይዤ ዝም ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ስገጂ ያለኝም የለም። ለምን እንደሄድኩ ልንገርሽ።

ነሐሴ 2015ን ታስታውሻለሽ። እናንተ ዘንድ ኢንተርኔቱ ተዘጋ፣ ለወራትም ተዘግቶ ቆየ። ስልክ አንዳንዴ ይገባል፣ አንዳንዴ አይገባም። ባሕር ዳር ውስጥ ተኩስ አለ የሚል ወሬ ብቻ ይደርሰኛል። እዚህ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቼ እደውላለሁ። አይገባም። ፌስቡክ እከፍታለሁ፣ አንዱ ይህን ይላል፣ ሌላው ያንን ይላል። ዘግቼ አስቀምጠውና ከአንድ ደቂቃ በኋላ መልሼ አነሳዋለሁ። ጣቴ ራሱ ለመደው። ሥራ ላይ ቆሜ አንቺን ስትሞቺ አይሻለሁ። ቀብርሽን አይቻለሁ እማዬ፣ ሳልደርስበት። አንቺ ግን ያን ጊዜ ቤትሽ ተቀምጠሽ ሽሮ ትሠሪ ነበር።

አብራኝ የምትሠራ ትልቅ ሴት አለች። ፊቴን አይታ ምንም ሳትጠይቀኝ በእረፍት ቀናችን ይዛኝ ወጣች። ከከተማችን ወጣ ብሎ ሶያንግ የሚባል ሐይቅ አለ። እንደ ጣና እግዜር የሠራው አይደለም፣ በ1973 እ.ኤ.አ. ግድብ ተሠርቶ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ከግድቡ ጀልባ ይነሳል። ጀልባው ሲንቀሳቀስ፣ ሞተሩ ሲያጓራ፣ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ እንባዬ መጣ። ወደ ዘጌ የምንሄድ መሰለኝ። ነጠላሽን በጥርስሽ ይዘሽ፣ እኔን በጉልበቶችሽ መሃል አስቀምጠሽ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንሻገር የነበረውን።

ከጀልባው ወርደን በጅረት ዳር፣ በፏፏቴ አጠገብ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግራችን ወጣን። ገዳሙ ቾንግፕዮንግሳ ይባላል። በ973 እ.ኤ.አ. ነው የተመሠረተው። ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። ቡና የለም እንጂ ጥላው፣ ፀጥታው፣ የአሮጌ እንጨቱ ሽታ የዘጌን ያስታውሳል። ከጣሪያው ጠርዝ ትንሽ ደወል ተንጠልጥላለች፤ ከሥሯ በዓሣ ቅርጽ የተቆረጠ ብረት አለ። ነፋስ ሲመጣ ዓሣው ይወዛወዝና ደወሉ ይጮኻል። ለምን ዓሣ ብዬ ጠየቅኩ። ዓሣ ሲተኛም ዓይኑን አይጨፍንም፣ መነኩሴም እንደሱ ንቁ ይሁን ለማለት ነው አሉኝ። የጣና ልጅ ሆኜ፣ ስንት አምባዛ አጥቤ፣ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር።

ሽማግሌ መነኩሴ ሻይ ቀዱልን። እኛ «አባ» እንደምንለው እነሱ «ስኒም» ይላሉ። ጓደኛዬ እያስተረጎመችልኝ የሆዴን ነገርኳቸው። እሳቸውም ቡድሃ ያስተማረውን አንድ ምሳሌ ነገሩኝ። አንድ ሰው በቀስት ተወጋ። ያመዋል፣ ይህ የማይቀር ነው። ሰውየው ግን ሁለተኛ ቀስት ያነሳና ራሱን በራሱ ይወጋል። ሁለተኛው ቀስት የሚያስበው ነው፣ ያንን ሕመም እያገላበጠ በላዩ ላይ የሚጨምረው ጭንቀት ነው።

እማዬ፣ ዝም አልኩ። ድምፅሽን አለመስማቴ አንደኛው ቀስት ነው። ያ እውነት ነው፣ ያማል። ቀብርሽን ያየሁት ግን በራሴ እጅ የወጋሁት ነው። በየሌሊቱ፣ በስልኬ።

ይህ ቡድሃ የሚሉት ሰው ሲድሃርታ ጋውታማ ይባላል። ዛሬ ኔፓል በምትባለው አገር፣ ሉምቢኒ በተባለች ቦታ ነው የተወለደው። ከኖረ 2,500 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ፈጣሪ ነኝ አላለም። መጀመሪያ ያስተማረው አራት ነገር ነው። ኑሮ መከራ አለበት። የመከራው ሥር ምኞትና መጨበጥ ነው። ይህ ሊቆም ይችላል። የሚቆምበትም መንገድ አለ። መንገዱ ስምንት ክፍል አለው፤ ቀና ንግግር፣ ቀና ሥራ፣ ሰውን የማይጎዳ መተዳደሪያ፣ እነዚህ ሁሉ አሉበት። ከስምንቱ አንዱ በእነሱ ጥንታዊ ቋንቋ በፓሊ «ሳቲ» ይባላል። እንግሊዞቹ ማይንድፉልነስ ይሉታል። ቃሉ ከማስታወስ ጋር የተያያዘ ነው። እኛ «ልብ ማለት» የምንለው ነው።

አንድ ነገር አልዋጥ ስላለኝ መነኩሴውን ጠየቅኋቸው። «እናቴን መውደድ መጨበጥ ነው? ልተዋት ነው?» አልኳቸው። ሳቁ። «መውደዱን አትተዪ። ሁሉ እኔ እንዳልኩት ካልሆነ ብለሽ እጅሽን የምትጨብጪውን ፍቺው» አሉኝ። ሁሉንም አልተቀበልኩም እማዬ፣ ልዋሽሽ አልፈልግም። እኔ የሚሰማኝ አምላክ አለኝ፣ እለምነዋለሁ፣ ተስፋም አደርጋለሁ። እነሱ በዚህ መንገድ አይሄዱም። ሁለቱ አንድ ናቸው የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ አንድ ናቸው አልልም። ግን ያ የተጨበጠ እጅ የእኔ እጅ እንደነበር አውቄዋለሁ።

ከዚያ ተቀመጪ አሉኝ። ጀርባሽን ቀና አድርጊ። ትንፋሽሽን ከአንድ እስከ አስር ቁጠሪ። ቁጥሩ ከጠፋብሽ ከአንድ ጀምሪ። ቀላል መሰለኝ። ከአራት አላለፍኩም! አሥር ጊዜ ጀመርኩ፣ አሥር ጊዜ ጠፋብኝ። በራሴ ተናደድኩ። እሳቸው ግን «መጥፋትሽን ያወቅሽባት ቅጽበት እሷ ናት ሥራው፤ ሳትቆጪ ተመለሺ» አሉኝ።

ያኔ ነው አንቺ የታየሽኝ። በረንዳው ላይ፣ ባዘቶው ጭንሽ ላይ፣ እንዝርቷ ከእጅሽ ስር ስትሽከረከር። እኔን መፍተል ስታስተምሪኝ ወሬ እያየሁ ክሩ ይበጠስብኛል። አንቺም «ቀልብሽን ሰብስቢ» ትያለሽ። የአንቺም ክር ይበጠስ ነበር እኮ። አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተሽ እንዝርቷን ስትወረውሪ አላየሁሽም። ጫፉን ትፈልጊና፣ ከባዘቶው ጋር ታገናኚና፣ በጣትሽ አሽተሽ ትቀጥያለሽ። ማታ ላይ ልቃቂቱ ይሞላል። እኔ አገር አቋርጬ ከሽማግሌው መነኩሴ የተማርኩትን አንቺ ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ በእጅሽ ስታደርጊው ኖረሻል።

አሁን በየጠዋቱ ከሥራ በፊት ሩብ ሰዓት እቀመጣለሁ። መጀመሪያ አማትቤ አባታችን ሆይ እላለሁ፣ ከዚያ ትንፋሼን እሰማለሁ። ስልኬ ከጫማ መደርደሪያው ላይ ያድራል፣ ከትራሴ ሥር አይገባም። ስበላ እበላለሁ። ሰሃን ሳጥብ ሰሃኑን ብቻ አጥባለሁ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በሰው አገር ብቻውን ለሚኖር ሰው ግን ትንሽ አይደለም። በፊት እራቴን ስጨርስ ምን እንደበላሁ እንኳ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ወር የሥራ አለቃዬ ቆጠራ ተሳስቷል ብሎ በሰው ፊት ጮኸብኝ። አንገቴ ሲግል ተሰማኝ። በፊት ቢሆን ወይ አለቅስ ነበር ወይ የማይሆን እመልስ ነበር። አንድ ጊዜ ተነፈስኩ። «እንደገና እቆጥረዋለሁ» አልኩ። ቆጠርኩት፣ ስህተቱ የእኔ አልነበረም። ከዚያ ለብቻው ሄጄ «መጮኽህ ትክክል አይደለም» አልኩት። ቀልብ መሰብሰብ ማለት ዝም ብሎ መበደል አይደለም። ይህን በደንብ ለይቼ ነው የያዝኩት።

ወንድሜ፣ ይህችን ለአንተ ነው። «ሳይንሱስ ምን ይላል?» ብለኸኝ ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. ጆን ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሳምንታት የሚዘልቅ ሥልጠና ጀመረ። መድኃኒት ሕመማቸውን ጨርሶ ያላቀለላቸውን ሰዎች ይዞ ነው የጀመረው። ከቡድሃ መምህራን የተማረውን ልምምድ ወሰደ፣ ሃይማኖቱን ግን ሳያስከትል። አንድ ዘቢብ አፋቸው ውስጥ ይዘው ቀስ ብለው እንዲያጣጥሙ ያደርጋል። በኋላ ሌሎች ይህንኑ ይዘው ድብርት ለሚመላለስባቸው ሰዎች ሕክምና አዘጋጁ። ጭንቀትን እንደሚያቀል፣ ድብርት ተመልሶ እንዳይመጣም እንደሚረዳ ጥናቶች አሳይተዋል። ግን መድኃኒት የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን ይተው ማለት አይደለም። የአክስታችን ልጅ እንቅልፍ አጥታለች ብለኸኛል፤ ትንፋሽሽን ቁጠሪ ብለህ ብቻ አትተዋት። ሐኪም ዘንድ ይዘሃት ሂድ፣ ጠበሏንም ትጠመቅ።

ሌላም ላስቸግርህ። እናታችን ቡና ስታፈላ አንተ ቲክቶክ ላይ እንደሆንክ አውቃለሁ፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አቦሉን ብቻ ሞክር። ስልኩን ጓዳ አስቀምጠውና ቡናው ሲቆላ ሽታውን ሳብ አድርግ፣ ከዚያ እሷን እያት። ፊቷን ልብ ብለህ እይልኝ። እኔ ማየት ስለማልችል ነው።

እማዬ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ቅዳሴ ላይ ቄሱ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ ሲሉን «በእግዚአብሔር ዘንድ አለን» እያልን እንመልሳለን። እኔ በአፌ እያልኩ ልቤ ገበያ ነበር፣ ጫማ ላይ ነበር፣ ምሳ ላይ ነበር። አሁን ሴኡል ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ስሄድ፣ ልቤ ሲወጣ አውቀዋለሁ። አውቄም እመልሰዋለሁ። ከዚያ ገዳም ያመጣሁት ይህን ነው። ወደ አንቺ አምላክ ነው ይዤው የሄድኩት።

ናፍቆቱ አልጠፋም። ይጠፋልኛል ብዬ ነበር፣ አልጠፋም። ማታ ማታ ይመጣል፣ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። «መጣህ?» እለዋለሁ። አላባርረውም፣ ቡናም አላፈላለትም። ቆይቶ ይሄዳል።

እዚህ ቅጠሉ ረግፎ በረዶ እየመጣ ነው። በወንዙ ዳር በኮሪያ ጦርነት የዘመቱት የቃኘው ሻለቃ ልጆቻችን መታሰቢያ አለ፤ ለእነሱም ሻማ አበራለሁ። እነሱም ይህን ብርድ ያዩት ከእናታቸው ርቀው ነው።

ደብዳቤዬን ያመጣችልሽ ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመለሳለች። በርበሬና ሽሮ አታብዢ፣ ሻንጣዋ ትንሽ ነው። ትንሽ ባዘቶና አንድ እንዝርት ብቻ ላኪልኝ። ያንቺን አሮጌዋን ከሆነ ደግሞ ደስ ይለኛል። እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እደውላለሁ፣ እዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት ይሆናል። ካልፈለግሽ ምንም አትናገሪ። ስልኩን ከጎንሽ አስቀምጪውና ፍተይ። እንዝርቷ ስትሽከረከር ልስማት።

ጎረቤቶቻችንን ሁሉ ሰላም በዪልኝ። ጉልበትሽን ሳምኩ።

ልጅሽ