እናታችንን እስከ መጨረሻው ላልተለያችሁ ሁሉ

የተወደዳችሁ ወገኖቻችን፦

እናታችን ካረፉ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ይህን መልእክት እስካሁን ያቆየነው ሐዘኑ ስለከበደን ብቻ ሳይሆን ምስጋናችን ስለ ምን እንደሆነ ለይተን ለማወቅ ጊዜ ስለወሰደብን ነው። አስታማችኋል፤ ቀብራችኋል፤ አጽናንታችኋል። ከሁሉ የሚበልጥብን ግን እናታችን በልባቸው የያዙትን ሳይነግሩን እንዳይሄዱ ጊዜውንና ጸጥታውን ስለሰጣችሁን ነው።

ሐኪሞቹ ሕመሙ እንደማይድን ለራሳቸው ለእናታችን በግልጽ ነገሯቸው። በዚያን ቀን ከሁሉ ይልቅ የተቆጣሁት እኔ ነበርኩ፤ እውነቱ ባይነገር ኖሮ የቀሩን አምስት ሳምንታት በማስመሰል ያልቁ እንደነበር ዛሬ ስለገባኝ፣ ምስጋናም ይቅርታም አለብኝ። ማስታገሻው ሳያፈዛቸው የሚነቁበትን ሰዓት እየጠበቃችሁ «አሁን ግቡ» ትሉን የነበራችሁ ነርሶችም ውለታችሁ አይረሳንም።

ማታ ማታ እየመጣችሁ የዮሐንስን ወንጌል ከምዕራፍ 13 እስከ 17 በየተራ ያነበባችሁላቸው እህቶች፣ ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበበት አንሥቶ ስለ እነርሱ ወደ አብ እስከጸለየበት ድረስ ያለውን ክፍል የመረጡት እርሳቸው እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። «ሰላምን እተውላችኋለሁ» የሚለው ላይ ስትደርሱ እጃቸውን አንሥተው ያስቆሟችሁና «ዕቃ አልተወም፤ ሰላሙን ነው የተወው» ይሉ ነበር።

ታላቅ ወንድሜን ካለበት ፈልጋችሁ ላመጣችሁልን ወዳጆች የምለው ያጥረኛል። እኔና እርሱ በአንድ የውርስ መሬት ምክንያት ስድስት ዓመት ተኳርፈን ነበር። እናታችን የላኩበት መልእክት ጳውሎስ በእስር ሆኖ ለጢሞቴዎስ የጻፈው «ከክረምት በፊት እንድትመጣ ትጋ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር፤ መጣም። ሁለታችንንም ከአልጋው አጠገብ አንበርክከው እጃቸውን በራሳችን ላይ ጫኑ። በእኔ ላይ ያረፈው ግራ እጃቸው መርፌው የተያዘበት ፕላስተር ስለነበረበት ጸጉሬን ይስበኝ ነበር። ያዕቆብ የዮሴፍን ልጆች ሲባርክ ቀኙን በታናሹ ላይ ለማድረግ እጆቹን ማጠላለፉን አስታውሰው «እኔ አላጠላልፍም፤ ሁለታችሁም በየቦታችሁ ናችሁ» ብለው ሳቁ። ከዚያም በልጅነቴ ባላጠፋሁት ጥፋት የቀጡኝን አንድ ቀን አንሥተው ይቅርታ ጠየቁኝ። እኔ ረስቼው ነበር። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ ከሰማን በኋላ እኔና ወንድሜ ስለ መሬቱ የምንከራከርበት አፍ አልነበረንም።

በዚያ ሰዓት ማንም እንዳይገባ በሩን ዘግታችሁ ኮሪደሩ ላይ ለቆማችሁ፣ በማግስቱ ቅዱስ ቁርባን ላቀበላችኋቸው አባት፣ በቀብራቸውም ዕለት ከጎናችን ላልጠፋችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። መጽሐፍ ቅዱሳቸው በወንድሜ ቤት ነው፤ እሑድ ማታ እየሄድኩ አብረን እናነባለን፤ አሁን ምዕራፍ 15 ላይ ደርሰናል።

ልጆቻቸው