ለአሮጌ ኮምፒውተር ባለቤትም ምክር ይጻፍለት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ሰሞኑን «ብራውዘራችሁን (የድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራማችሁን) አፕዴት አድርጉ፤ የኢሜይል ፕሮግራማችሁ ካልተመቻችሁ ሌላ ሞክሩ» ሲል መክሮናል። ምክሩ አልተሳሳተም። ጸሐፊው ግን ደሴ መጥቶ ግማሽ ቀን እኔ ሱቅ ቢቀመጥ ኖሮ እዚያ ላይ የሚያቆም አይመስለኝም።

እኔ ከፍርድ ቤት ዝቅ ብሎ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ለባለጉዳይ ኢሜይል እልካለሁ። ያሉኝ ኮምፒውተሮች ሁለት ናቸው። ሦስተኛውና አዲሱ በ2014ቱ ጦርነት ሱቁ ሲዘረፍ ሄደ፤ እነዚህን ዞር ብሎ ያያቸው የለም። ሁለቱም በዊንዶውስ 7 ነው የሚሠሩት፣ ራማቸውም (ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 2 ጊጋባይት ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን መደገፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ነው። የጉግሉ ብራውዘር ክሮምም በ2023 መጀመሪያ ከወጣው 109ኛ ቅጂ ወዲህ ለዚህ ዊንዶውስ አዲስ ነገር አያወጣም። እንግዲህ አፕዴት የሚለውን ጣቴ እስኪዝል ብጫነው ምን ይመጣል? «ዊንዶውስ 10 አስጭኚ» የሚሉኝ አሉ። የእሱም መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። የእኔዎቹ አንዱንም አያሟሉም።

ደግሞ ጥፋቱ ሁልጊዜ የብራውዘሩ አይደለም። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት አንደኛው ኮምፒውተር ምንም ድረ ገጽ አልከፍትም አለ። ኢሜይሉን ብል፣ ሌላ ብል፣ «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ነው መልሱ። አርጅቶ ነው ብዬ ክሮምን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፤ የኢንተርኔት ጥቅሌ እዚያው ተጋመሰ። አልሆነም። ፋየርፎክስ የሚባለውን ሌላ ብራውዘር ጫንኩ፤ እሱም ያንኑ ደገመልኝ። ከኩታበር የመጡ አንድ አባት ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ ጂዳ ላለች ልጃቸው የልደት ማስረጃዋን ስካን አድርጌ እንድልክላት ነው።

«ልጄ፣ ኔትወርኩ ጠፋ እንዴ?»

«የለም አባባ፣ ኔትወርኩስ አለ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

እኔስ ምኑን አውቄ ልንገራቸው። ማታ ላይ ጎረቤቴ ያለው ስልክ ጠጋኝ ልጅ መጣና «አብሽሪ እትዬ» ብሎ ከስክሪኑ በታች በስተቀኝ ያለችውን ቀን በጣቱ አሳየኝ። ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስለሞተች መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ይጠፋል። ረዳቴም የጠፋውን ቀን ሲሞላ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር 2017 ብሎት ኖሯል! ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። በእኔ ኮምፒውተር ሒሳብ ያ ሁሉ ሰርተፍኬት ገና ከስምንት ዓመት በኋላ የሚወጣ ስለሆነ ብራውዘሩ አላምንም አለ፤ ደግሞም አልተሳሳተም። ቀኑን በፈረንጅ ስሞላው ሁሉም ተከፈተ። አባባ ግን ወደ ኩታበር ተመልሰው ነበር፤ በነጋታው እንደገና የመኪና ከፍለው መጡ። ባትሪዋን ለመቀየር የወጣው ገንዘብ ከእሳቸው ደርሶ መልስ ያንስ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አገራችን በራሷ አቆጣጠር የምትኖር ናትና ይህ ነገር የደረሰበት እኔ ብቻ አልሆንም። ዓምደኛችሁ ከአፕዴቱ በፊት «ቀኑን እዩ» ቢሉን ኖሮ ከሁሉም በላይ እሱ ይጠቅመን ነበር።

ብራውዘሩን በተመለከተ አሁን የምሠራው በፋየርፎክስ 115 ነው፤ ረጅም ድጋፍ ያለው የሚባለው ቅጂ። ሠሪው ሞዚላ ለአሮጌ ዊንዶውስ ሲል ዕድሜውን ደጋግሞ አራዝሞለታል። የሚያምናቸውን ሰርተፍኬት ሰጪዎች ዝርዝርም ከዊንዶውሱ ሳይጠብቅ ለራሱ ስለሚይዝ ለእንዲህ ያለ ማሽን ይሻላል። የባንክ ሥራ ግን በእነዚህ ኮምፒውተሮች አልሠራም፣ ለደንበኛም እንቢ እላለሁ። ሰው ይቀየመኛል፤ ይቀየመኝ።

ወደ ኢሜይሉ ልምጣ። ለዓመታት የተጠቀምኩት የማይክሮሶፍቱን የኢሜይል ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይቭ ሜይልን ነበር። ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2017 እንደቆመ አልሰማሁም፤ መላክ መቀበሉን አላቋረጠማ። በ2022 ግንቦት መጨረሻ (በፈረንጁ ሜይ ማለቴ ነው) ጉግል በተራ ፓስወርድ ብቻ የሚገቡ ፕሮግራሞችን ከጂሜይል ሲያስወጣ፣ የእኔው ደግሞ «ፓስወርድ ተሳስተሻል» ማለት ጀመረ። ፓስወርዴን ሦስት ጊዜ ቀየርኩት። በሦስተኛው ራሴም ረሳሁት።

«በብራውዘር ክፈቺው፣ ምን ፕሮግራም አስፈለገሽ» የሚለኝ ብዙ ነው። በብራውዘር የሚከፈት ኢሜይል ኔትወርክ በሌለበት ቀን ላም አለኝ በሰማይ ነው። ደብዳቤው የእኔ፣ ቁልፉ የእኔ፣ ግን አላየውም። ጂሜይል ደካማ ኮምፒውተር ላላቸው ያስቀመጠው ቀለል ያለ ገጽ ነበር፤ እሱንም በ2024 ዘጉት። ሙሉው ገጽ በእኔ ማሽን እስኪከፈት ጀበናው ይፈላል።

ያረፍኩት ተንደርበርድ በሚባል የኢሜይል ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሄደው የመጨረሻው ቅጂ እሱም 115 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ዊንዶውስ 10 ይጠይቃሉ። ደብዳቤዎቹን ወደ ኮምፒውተሩ አውርዶ ስለሚያስቀምጥ ኔትወርክ ቢሄድም አነባለሁ፣ መልሱን ጽፌ አስቀምጣለሁ፣ ሲመጣ እልካለሁ። ማስገባቱ ግን ወገብ ይቆርጣል። የጉግል መግቢያ ገጹ በእኔ ማሽን ላይ አልጨርስ ብሎኝ በሌላኛው መንገድ ሄድኩ፦ መጀመሪያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ማብራት፣ ከዚያ ለፕሮግራሙ ብቻ የሚሆን ባለ 16 ፊደል ፓስወርድ ማውጣት። የማረጋገጫው ቁጥር በስልክ ይመጣል፤ አንዳንዴ ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው።

እዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናዘዝ። ድሮ ስልክ ላልያዘ ባለጉዳይ ኢሜይል ስከፍት የራሴን ስልክ ቁጥር እሞላ ነበር፤ በከተማው ይህን ያላደረገ የጽሕፈት ሱቅ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ሰዎቹ ራያም ይሁኑ ሪያድ፣ ሊገቡ ሲሉ ቁጥሩ የሚመጣው ለእኔ ነው። ሌሊት በስምንት ሰዓት «እትዬ፣ ቁጥሩን ንገሪኝ» ብለው የሚደውሉልኝ አሉ። አሁን የራሱ ስልክ ለሌለው ሰው አልከፍትም።

ፕሮግራም ስትቀይሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ፤ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ሳይለመድ በድሮ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም የተጻፉ ደብዳቤዎች ይበላሻሉ። እነዚያ ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር ያስቀመጡት፤ ፎንቱ ከሌለ ማመልከቻው የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል። እኔ የቆዩትን አንድ በአንድ በፒዲኤፍ አስቀመጥኳቸው። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዓምደኛችሁ አንድ ቀን 2 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ተቀምጠው ይጻፉልን። ቅጽ በድረ ገጽ ብቻ የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶችም ያንኑ ቅጽ በፒዲኤፍ ያስቀምጡ፣ በኢሜይልም ይቀበሉ፤ የአንዱ ገጽ እኔ ዘንድ ባዶ ሆኖ እየተከፈተ ባለጉዳዩን ሌላ ሱቅ ነው የምልከው፣ እዚያም ወረፋ አለ። እናንተም ብትሆኑ በድረ ገጻችሁ ላይ ሳይነኩት የሚጀምረውን ቪዲዮ አንሱልን፤ ጥቅላችንን እየበላ ነው።

ይህን ደብዳቤ በተንደርበርድ ልኬዋለሁ። ከወጣ የታተመው ጋዜጣ ደሴ እስኪገባ ጠብቄ አነበዋለሁ፤ ድረ ገጻችሁ እኔ ኮምፒውተር ላይ ከርዕሱ በታች ነጭ ነው።

የጽሕፈት ሱቅ ባለቤት
ከደሴ