ስለ ፈቃድና ስለ ፎቶ

ውድ የኦኩፔሽናል ቴራፒ (ታካሚዎች የዕለት ተዕለት ሥራቸውን መልሰው እንዲሠሩ የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ አንዲት እናት ቤት ሄጄ ነበር። ስትሮክ ቀኝ እጃቸውን አድክሞታል። ምን መሥራት እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው በአፋን ኦሮሞ መለሱ። ልጃቸው "ራሷን ችላ መብላት ትፈልጋለች" ብሎ ተረጎመልኝ። እማማ ግን ያሉት ሌላ ነው። ለእንግዳ ቡና በእጃቸው መቅዳት ነው የናፈቃቸው። ቋንቋውን ባልሰማ ኖሮ የልጁን ሐሳብ የእሳቸው ግብ ብዬ እመዘግብ ነበር። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ የጨነቀው ሰው ነው። ቢሆንም ታካሚያችን እሳቸው ናቸው። አፋን ኦሮሞ የማትችሉ፣ እባካችሁ የሚችል ባልደረባ ይዛችሁ ሂዱ።

ጀበናው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረን ጀመርን። ግራ እጃቸው ከሥር ደገፈ። ሦስተኛው ስኒ ላይ ጠብታ ሳይፈስ ቀዱ! እጄ ወደ ስልኬ ሄደ፤ መለስኩት።

ይህን የምጽፈው በቴሌግራም የታካሚ ፊት የሚታይባቸው ቪዲዮዎች ስለበዙ ነው። በጣም ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽንም በሥነ ምግባር ደንቡ የታካሚን ምስጢር እንድንጠብቅ ይጠይቃል። አንገት ነቅንቆ "እሺ" ማለት ብቻውን ፈቃድ አይደለም። ቪዲዮው ለምን እንደሚቀረጽና ማን እንደሚያየው ንገሯቸው። እምቢ ቢሉም ሕክምናው እንደማይቀርባቸው ይወቁ። ያለ ፈቃድ የለጠፋችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ አጥፉት።

የፈቃድ ቅጹን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እያረቀቅኩ ነው። ማገዝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።