ኤማሁስ የት ነች?

ክቡር አዘጋጅ፣

ከሞት የተነሣው ኢየሱስ ለሁለት ደቀ መዛሙርት ስለተገለጠባት ስለ ኤማሁስ ባወጣችሁት ጽሑፍ መንደሯ ከኢየሩሳሌም በስተሰሜን ምዕራብ ያለችው የዛሬዋ የፍልስጤማውያን መንደር አል ቁበይባ ናት ተብሎ በእርግጠኝነት መጻፉ አሳስቦኛል። ጉዳዩ ገና አልተቋጨም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 24 መሠረት ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም 60 ምዕራፍ (የጥንት የርቀት መለኪያ)፣ ማለትም 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ቁበይባ በርቀት ትስማማለች። ኤማሁስነቷ መነገር የጀመረው ግን ከመስቀል ጦረኞች ዘመን ወዲህ ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ4ኛው መቶ ዘመን፣ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ዘቂሣርያ ኤማሁስ ከኢየሩሳሌም በስተምዕራብ የነበረችው ከተማ ኒቆጶሊስ ናት ብሎ ጽፏል። በቦታው የነበረችው የፍልስጤማውያን መንደር ዒምዋስ የጥንቱን ስም ይዛ ቆይታ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. በእስራኤልና በዐረቦች ጦርነት ነዋሪዎቿ ተባረው ፈረሰች። ኮዴክስ ሲናይቲከስን የመሰሉ ጥንታዊ በእጅ የተጻፉ የወንጌል ቅጂዎችም 60 ሳይሆን 160 ስለሚሉ ለዚህች ቦታ ይመቻሉ። ሆኖም ደቀ መዛሙርቱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ተጉዘው፣ በዚያው ምሽት ያንኑ ያህል ተመለሱ ማለት ይከብደኛል።

እኔ የማደላው በኢየሩሳሌም አፋፍ ወዳለችው ሞጻ ነው። የ1ኛው መቶ ዘመን አይሁዳዊ ታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ፣ የሮም ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን 800 የተሰናበቱ ወታደሮች ያሰፈረባትን ኤማሁስ 30 ምዕራፍ ርቀት ላይ ያስቀምጣታል፤ የሉቃስ 60 ደርሶ መልሱን ቆጥሮ ሊሆን ይችላል የሚሉ ሊቃውንትም አሉ።

በሚቀጥለው እትም ሦስቱንም ቦታዎች የሚያሳይ ካርታ እንድታወጡልን እጠይቃለሁ።

አክባሪ አንባቢያችሁ