ባንዱ ፈረሰ ከማለታችሁ በፊት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ቀደምት ባንዶቻችን በተጻፈ ቁጥር የሚያበሳጨኝ ነገር አለ። ባንድ አንድ ቀን ተወልዶ አንድ ቀን እንደሚሞት ሰው ይተረካል። «ዋልያስ ባንድ አሜሪካ ሄዶ ፈረሰ» ይባልና ነገሩ ይዘጋል።

አልፈረሰም። እ.ኤ.አ. በ1981 ለሙዚቃ ዝግጅት ከተጓዙት መካከል ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላከ ገብሬ እዚያው ቀሩ። ከተመለሱት ውስጥ ድራም ተጫዋቹ ተማረ ሀረጉና ትራምፔት ተጫዋቹ ዮሐንስ ተኮላ በዋልያስ ስም መሥራታቸውን ቀጠሉ። አሜሪካ ከቀሩትም ዙላ ባንድ በሚል ስም የተሰባሰቡ ነበሩ። ታዲያ አንባቢው «ዋልያስ» ሲባል የትኛውን ያስብ? እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» ሲቀረጽ የነበረው ድምፅ ኃይሉ ከኦርጋኑ ከተነሳ በኋላ ያው ሊሆን አይችልም፤ ስሙ ግን ያው ነው።

የአይቤክስ ታሪክ ደግሞ ተቃራኒው ነው። የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ያጀበው ባንድ ኋላ ሮሃ ተባለ። ስሙ ይቀየር እንጂ ቤዝ ጊታሩን የያዘው ጆቫኒ ሪኮ፣ ሊድ ጊታሩን የያዘው ሰላም ስዩም ነበሩ። ስሙን ብቻ የሚከተል ጸሐፊ እዚህ ሁለት ባንድ ይቆጥራል፣ እዚያ አንድ።

ለዚህ የካሴት ሽፋኖቹም ተጠያቂ ናቸው። የድምፃዊው ፎቶ ሽፋኑን ሞልቶት፣ ከሥር በትንንሽ ፊደል «አጃቢ፦ ሮሃ ባንድ» ይላል፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ያን ዘመን የሰማነው ጣታቸውን እንጂ ስማቸውን አይደለም። ጋዜጦችም ይህንኑ ልማድ ወረሱ። ድምፃዊው በስሙ ይጠራል፤ ከኋላው የቆሙት «የባንዱ አባላት» ተብለው ይታለፋሉ። ድራም ተጫዋቹማ ብዙ ጊዜ ከፎቶውም ይቆረጣል።

ይህ የድሮዎቹ ችግር ብቻ አይደለም። ዛሬ በየምሽት ክበቡ የሚጫወቱ ወጣት ባንዶችም ቤዝ ተጫዋች ይለውጣሉ፣ ድምፃዊ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። አሁን ካልተመዘገበ በኋላ መልሶ መገጣጠም ከባድ ነው፤ የትዝታ ወግ ደግሞ ሁሉንም መሥራች ያደርጋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ቀላል ነው። ስለ አንድ ባንድ ስትጽፉ ዓመቱን፣ በዚያ ዓመት ማን ምን መሣሪያ ይጫወት እንደነበር ጨምሩ። «ተበተነ» ከማለታችሁ በፊት በሕይወት ያሉትን ጠይቁ። ስለ ዳህላክ ባንድ የምትጽፉበት ቀን ከመጣም ከፎቶው ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የሁሉንም ስም አስቀምጡልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ