ከሴቶች እግር ኳስ ቡድናችን አምበል የቀረበ የምስጋና መልእክት

ለተከበራችሁ የድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ ወላጆች፣ መምህራንና ደጋፊዎቻችን በሙሉ፤

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ላይ ታናሿ ተከላካያችን በሙቀት ተዝለፍልፋ ወድቃ ወደ ሆስፒታል መወሰዷን ሁላችሁም ስለምታውቁ ዝርዝሩን ደግሜ አልተርከውም። ልጃችን ድናለች፤ ሐኪሞቹም ቀስ በቀስ ወደ ልምምድ እንድትመለስ ፈቅደውላታል። ቡድናችንም ውድድሩን በሁለተኛነት ፈጽሟል። ለዚህ ያበቃንን ፈጣሪ አመስግኜ፣ በተጫዋቾቹ ሁሉ ስም ይህን የምስጋና ቃል አቀርባለሁ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማመሰግነው ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ያሳሰቡኝን፣ እኛ በአጭሩ ጋሼ የምንላቸውን አባታችንን ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በምድር ባቡር የጥገና ሥራ አሳልፈው በጡረታ የተገለሉ፣ በወጣትነታቸውም ኳስ የተጫወቱ ሰው ናቸው። አብዛኞቹ ተጫዋቾቻችን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች መሆናቸውን ባዩ ጊዜ ማንም ሳይጠራቸው ወደ ሜዳችን መጡ። ፀሐይዋ ሳትበረታ ልምምዳችንን እንድንጨርስ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሩን የሚያስከፍቱት፣ ከሜዳው ጠጠር የሚለቅሙት፣ የተተረተረውን ኳስ በወፍራም መርፌ የሚሰፉት እርሳቸው ነበሩ። ረመዳንና ዐቢይ ጾም በገጠሙበት ወቅት፣ እርሳቸው ራሳቸው እየጾሙ፣ ሙስሊም እኅቶቻችን የሚያፈጥሩበትን ቴምር በኪሳቸው ይዘው ከሜዳው ዳር ይጠብቁ ነበር።

አሠልጣኛችን የጨዋታውን ስልት ለቡድኑ ሲያስተምሩ፣ ጋሼ ደግሞ ለእኔ አምበልነትን አስተማሩኝ። «አምበል በሕጉ የተለየ መብት የላትም፤ ለጓደኞቿ ጠባይ ግን ተጠያቂ ናት» ይሉኝ ነበር። ዕጣ ሳሸንፍ መጀመሪያ ኳሱን ከመያዝ ይልቅ ሜዳውን እንድመርጥና የከሰዓት በኋላዋን ፀሐይ ከበረኛችን ዓይን እንዳርቅ፣ ከዳኛው ጋር እኔ ብቻ እንድነጋገርና ሌሎቹ እንዳይከቡት እንድከለክል፣ የተሳሳተችን ልጅ በተመልካች ፊት እጄን አንሥቼ እንዳልወቅስ የመከሩኝ እርሳቸው ናቸው። ሙቀት በበረታባቸው ቀናት ዳኛው ከ90 ሰከንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚደርስ የማቀዝቀዣ ዕረፍት መስጠት እንደሚችልና ይህንም ከጨዋታው በፊት በአክብሮት መጠየቅ እንደሚገባኝ የነገሩኝም እርሳቸው ናቸው። ልጆቹ በፍርሃት ዝም ባሉበት በመጀመሪያው ጨዋታችን ዕለት አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አምበሏ የነበረው ሉቺያኖ ቫሳሎ በዚህችው ከተማ በጥጥ ፋብሪካው ክለብ ይጫወት እንደነበር አጫወቷቸው። ትንንሾቹ እኅቶቼ ከዚያ በኋላ ቀና ብለው ወደ ሜዳ መግባታቸውን አልረሳውም።

በዚያ አስጨናቂ ቀን ያደረጉልንን ግን እንዴት አድርጌ እንደምገልጸው አላውቅም፤ አሁንም ስጽፈው እንባ ይቀድመኛል። ልጃችን ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ እኔም መኪናው ውስጥ ልገባ ስል ክንዴን ይዘው፣ «አንቺ ከነዚህ ጋር ቁሚ፤ እዚያ እኔ አለሁ» አሉኝ። ዞር ስል ልጆቹ ተቃቅፈው ያለቅሳሉ። ጋሼ እስከ እኩለ ሌሊት ከሆስፒታሉ ኮሪደር ሳይነሡ፣ የልጅቷ እናት ከገንደ ቆሬ እስኪደርሱ እንደ አባት ሆነው፣ በየጊዜውም እየደወሉ አረጋጉን። እኔ በአምበልነት መለያዬ ልጆቹን ሰብስቤ የያዝኩት በእርሳቸው «አለሁ» ላይ ተደግፌ ነው። ጋሼ፣ ፈጣሪ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን፤ የሠሩልንን የምንከፍልበት አቅም የለንም።

የተጋጣሚያችን ቡድን አምበል ለሆንሽው እኅቴም ልዩ ምስጋና አለኝ። ኳሱ በእግርሽ ሳለና ግባችን ክፍት ሳለ፣ የልጃችንን መውደቅ አይተሽ ኳሱን ወደ ውጭ መትተሻል። ከተመልካች መካከል ሮጠው ገብተው ልጅቱን ወደ ጥላ ያነሡ፣ ነጠላቸውንና ሻሻቸውን በውሃ አርሰው በአንገቷና በብብቷ ሥር ያደረጉ እናቶችም የተጋጣሚያችን ደጋፊዎች መሆናቸውን በኋላ ነው የሰማነው።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪሞችና ነርሶች፣ አሠልጣኛችን፣ መምህራኖቻችን፣ ከሳቢያንና ከመጋላ ልጆቹን በማለዳ ያለ ክፍያ ያመላለሳችሁ የባጃጅ አሽከርካሪዎች፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ እየጸለያችሁ ያጽናናችሁን ወላጆች፣ ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን።

ስማችሁን ወይም ሥራችሁን ያልጠቀስኩ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። በዚያ ግርግር ውሃ ያቀበለን፣ ቦርሳችንን የጠበቀልን፣ መንገድ ያስለቀቀልን ማን እንደሆነ እንኳ ለይተን አላየንም፤ ስለዚህ በትሕትና ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቴን ስለምፈጽም በመጪው ዓመት ቡድኑን የምትመራው ከታናናሾቼ አንዷ ናት። ለእኔ ያልነፈጋችሁኝን ድጋፍ ለእርሷም እንድታደርጉላት፣ በተለይም ወላጆች ልጆቻችሁን ከልምምድ እንዳታስቀሩብን በአክብሮት እለምናለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የቡድኑ አምበል
ድሬዳዋ