የምስጋና መልእክት፦ በእንጦጦ ጫካ ለደረሳችሁልኝ ሁሉ

በመጀመሪያ ከዚያ ቦረቦር አውጥቶ ለቤቴና ለልጆቼ ያበቃኝ ልዑል እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ቀጥሎ እናንተ። በካርታና በኮምፓስ ጫካ ውስጥ ጣቢያ እየፈለጉ በሚሮጡበት የኦሪየንቲሪንግ ውድድር ላይ ከወንድሜ ጋር ስሮጥ ወድቄ እግሬ መሰበሩን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል፤ በቦታው የነበራችሁም አላችሁ። ስለዚህ አወዳደቄን፣ የእግሬን ነገርና በረዶውን መልሼ አላወራም። በጀሶ የታሰረ እግሬን ትራስ ላይ አሳርፌ የምጽፈው ለማመስገን ብቻ ነው።

ከማን እንደምጀምር አውቃለሁ፤ ከጋሼ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ አጥብቀው ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ እያልኩ እሄዳለሁ። ኦሪየንቲሪንግ የምትሮጡ ሁሉ ማንን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ከልጃቸው ጋር ጥንድ ሆነው የሚወዳደሩት፣ ካርታ ሲያነቡ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉት ጋሼ።

ከስፖርቱ ውጭ ያለ ሰውም እሳቸው ያን ቀን ምን እንደተዉ እንዲረዳልኝ እፈልጋለሁ። ውድድሩ የ3 ሰዓት ነበር። ብርቱካናማና ነጭ ምልክት የተሰቀለባቸው ጣቢያዎች በጫካው ውስጥ ተበትነዋል፤ ቅርብና ቀላል የሆኑት ጥቂት ነጥብ፣ ሩቅና ገደላማ የሆኑት ብዙ ነጥብ ያስገኛሉ። ሁሉንም ማዳረስ ስለማይቻል የትኛውን ይዞ የትኛውን መተው እንደሚሻል የሚወስነው ተወዳዳሪው ራሱ ነው። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ እያንዳንዷ ደቂቃ ነጥብ ታስቀንሳለች፤ ግማሽ ሰዓት የዘገየ ቡድን ደግሞ ከነጭራሹ ከውጤት ይወጣል። ጋሼና ልጃቸው ፊሽካችንን ሲሰሙ በሱሉልታ በኩል ያሉትን ከባድ ከባድ ጣቢያዎች ጨርሰው ወደ መግቢያው እየተመለሱ ነበር። ቀጥ ብለው ቢገቡ ኖሮ አንደኛ እንደነበሩ ካርዳቸውን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። እሳቸው ግን ወደ እኛ ታጠፉ።

የዓለም አቀፉ የኦሪየንቲሪንግ ፌዴሬሽን ደንብ የተጎዳን ተወዳዳሪ መርዳት ግዴታ ነው ይላል፤ ግዴታቸውን ነው የተወጡት የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እውነት ነው፣ ደንቡ መቆምን ያዝዛል። ጃኬታቸውን አውልቀው ለእኔ ደርበው በሸሚዝ ብቻ በረዶ ላይ እንዲቀመጡ ግን የሚያዝ ደንብ የለም። እንጦጦ አናቱ ላይ ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ያልፋል፤ ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ጭንቅላቴን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ እንቅልፍ እንዳይወስደኝ ሲያዋሩኝ ቆዩ። «ልጄ፣ የምትሰሚው ውሃ ወዴት ነው የሚሄደው?» ይሉኛል። ዝም ስል ራሳቸው ይመልሳሉ፤ ይኼኛው ወደ አቃቂ ወርዶ አዋሽ ይገባል፣ ከሸንተረሩ ማዶ የወረደው ግን በሙገር በኩል ዓባይን ያገኛል። ከዚያ ካርታውን ዓይኔ ፊት ዘርግተው እያንዳንዱን ጣቢያ በጣታቸው እየነኩ «ይኼስ የዓባይ ነው የአዋሽ?» ብለው ይጠይቁኛል። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙትን የከፍታ መስመሮች ተከትዬ እመልሳለሁ። ስሳሳት ያርሙኛል። ሕመሙ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ጋሼ፣ አባቴ በልጅነቴ ነው ያረፈው። ሌላ ምን ልበልዎ?

ይቅርታ፣ ትንሽ ማረፍ ነበረብኝ።

እግሬን የጠገናችሁ ሐኪሞችና ሌሊቱን ያልተለያችሁኝ ነርሶች፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአምቡላንሱ ሹፌርና ረዳቱ፣ ክፉ አይንካችሁ።

ወደ ጋሼ ልመለስ፤ ውለታቸው የዚያን ቀን ብቻ አይደለምና። እኔና ወንድሜ ለስፖርቱ አዲስ በነበርንበት ጊዜ ተቀናቃኞቻቸው መሆናችንን እያወቁ የሚያውቁትን ሁሉ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ክር በካርታው ላይ አጋድሞ የመንገድን ርዝመት መለካት፣ ካርታው 1 ለ10,000 ከሆነ እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር 100 ሜትር መሆኗን አለመዘንጋት፣ 1 ሜትር ሽቅብ መውጣትን ሜዳ ላይ 8 ሜትር እንደመሄድ ቆጥሮ ማወዳደር፣ ይህ ሁሉ የእሳቸው ትምህርት ነው። «አጭር መንገድ አትፈልጉ፣ ቶሎ የሚያደርሰውን ፈልጉ» ይሉን ነበር። ቃሬዛው ሲሠራ ያየሁትም ይህንኑ ነው። ሰው ሁሉ በአቋራጭ ቦረቦሩን ተሻግረን መኪና መንገዱ ላይ እንውጣ ሲል እሳቸው ካርታው ላይ የከፍታ መስመሮቹን ቆጠሩ። 12 ናቸው፤ በየ5 ሜትሩ ስለተሰመሩ 60 ሜትር ሽቅብ ማለት ነው። ሰው የተኛበት ቃሬዛ ይዞ በእርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ያን መውጣት አይታሰብም። ተዳፋቱን ዙሮ በታችኛው መሸጋገሪያ የሚያልፈውን ረጅሙን መንገድ መረጡ።

እዚህ ላይ ነው እናቶቼ የገባችሁት። እንጨታችሁን አውርዳችሁ የደረሳችሁልን የእንጦጦ እናቶች! ከመካከላችሁ አንዷ «በዚያ አትሂዱ፣ መሸጋገሪያውን ባለፈው ክረምት ጎርፍ ወስዶታል» አሉ። ካርታው ላይ መሸጋገሪያው አለ። ጋሼ አንድ ቃል አልተከራከሩም፤ ካርታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «እንግዲያው እርስዎ ይምሩን፣ እናቴ» አሉ። በካርታ ስንት ዘመን የሠሩ ሰው ናቸው። እኔ ከቃሬዛው ላይ ሆኜ ይህን ሰምቼአለሁ፤ እስከ ዕድሜዬ መጨረሻም ሳስበው እኖራለሁ።

ቃሬዛው የተሠራው በእናንተው አጣናና እንጨት በምታስሩበት ገመድ ነው። ለአዲስ አበባ ምጣድ ቅጠልና ጭራሮ ሲያመላልስ የኖረው ትከሻችሁ ያን ቀን እኔን ተሸከመ። እየተፈራረቃችሁ፣ «አይዞሽ፣ ደረስን» እያላችሁ፣ የቀን ገቢያችሁን ጫካ ውስጥ ጥላችሁ እስከ አምቡላንሱ አደረሳችሁኝ። ስማችሁን ሳልጠይቅ ተለያየን። ይህ ከእግሬ ስብራት በላይ ያመኛል። ይህን የሚያነብ የሽሮ ሜዳና የእንጦጦ አካባቢ ሰው እናቶቹን የሚያውቃቸው ከሆነ፣ እባካችሁ ምስጋናዬን በቃል ንገሩልኝ፤ እነሱ ይህን ጽሑፍ ላያገኙት ይችላሉ። ወንድሜም በየቀኑ ማለዳ በሚወርዱበት መንገድ እየቆመ እየጠየቀ ነው።

የጋሼ ልጅ፣ እህቴ፣ አባትሽን ከእኔ ጋር ትተሽ በዚያ ጭጋግ ውስጥ ብቻሽን ኮምፓስሽን ይዘሽ እስከ መነሻው የሮጥሽው አንቺ ነሽ። የያዝሽው መረጃ ትክክል ባይሆን ኖሮ አምቡላንሱ በየት በኩል እንደሚመጣ እንኳ አይታወቅም ነበር። የመጀመሪያ ድልሽን የሰዋሽልኝ መሆኑን አውቃለሁ። ትዳርሽን ያማረ፣ ልጅሽን የተባረከ ያድርግልሽ።

ወንድሜ፣ በደቂቃ ስድስት ጊዜ ነፍተህ አንድ ደቂቃ ጸጥ እያልክ፣ ከንፈርህ እስኪደማ ፊሽካውን ሳታቋርጥ የነፋኸው አንተ ነህ። ያንተን ፊት ለፊት ነግሬሃለሁ።

አዘጋጆቹ፣ ፊሽካውን ሰምታችሁ ውድድራችሁን አቋርጣችሁ የመጣችሁ ሌሎች ቡድኖች፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ የእድራችን አባላት፣ አጥሚትና ገንፎ ይዛችሁ ቤቴን የሞላችሁ ጎረቤቶቼ፣ ከውጭ አገር የደወላችሁ ዘመዶቼ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ስሜን ያስጠራችሁልኝ ሁሉ፣ ብድራችሁን እሱ ይክፈልልኝ። ስማችሁን ሳልጠራ ያለፍኳችሁ ብዙዎች ናችሁ። ያን ዕለት ዓይኔ ብዙ ፊት አላየም፣ ጆሮዬም ብዙ ድምፅ አልለየም፤ የዘነጋኋችሁ በዚህ ምክንያት ነውና እንዳትቀየሙኝ በትሕትና እለምናለሁ። እጁን ያነሳልኝ ሰው ካለና ካላወቅሁት ይንገረኝ፤ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ጋሼ፣ አዘጋጆቹ በውጤት ዝርዝሩ ላይ ቦታዎን ሊመልሱልዎ ሲሉ «ሰዓቱ አልፏል፣ ደንብ ደንብ ነው» ብለው እምቢ ማለትዎን ልጅዎ ነግራኛለች። እርስዎ ያሉትን አከብራለሁ። በእኔ ቤት ግን የዚያ ቀን አንደኛ እርስዎ ነዎት፤ ልጆቼም እንዲሁ ብለው ነው የሚያውቁዎ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አክባሪ ልጅዎና እህታችሁ፣ ከጉለሌ